ቱርካና ላይ የተገኘው ዓሣ ነባሪ፦ የአንድ አጥንት የጉዳይ ጥናት ከጎንደር

የነነዌ ጾም በገባ ቁጥር ክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም፦ «ዮናስን የዋጠው ምን ዓይነት ዓሣ ነው?» ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ስለሆነ መልሱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣዋለሁ። ዘንድሮ ግን ጥያቄው በሌላ በር ገባ። ጠዋት ቀድሶ፣ ነጠላውን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ የሚመጣ አንድ ዲያቆን ተማሪ አለኝ። ስልኩ ላይ ያነበበውን ይዞ ብድግ አለ።

«ቲቸር፣ ኬንያ ውስጥ ከባሕር 740 ኪሎ ሜትር ርቆ የዓሣ ነባሪ አጥንት ተገኘ ይላል። ያውም 620 ሜትር ከፍታ ላይ። ታዲያ የጥፋት ውሃ ካልሆነ ማን አወጣው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ሳምንት ስጡኝ አልኩና ደወል አዳነኝ። ከዚህ በታች ያለው በዚያ ሳምንትና ከዚያ በኋላ ባሉት ክፍለ ጊዜዎች የሰበሰብነው ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ፤ የሚሊዮን ዓመታቱን ግን በየትኛውም አቆጣጠር ብትቆጥሩት ሰባትና ስምንት ዓመት ለውጥ አያመጣም።

አጥንቱ የተገኘው በ1964 ነው። ቦታው ሎፔሮት ይባላል፤ ከቱርካና ሐይቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያለ ደረቅ፣ ሙቀቱ የሚያቃጥል አገር ነው። ያገኘው ጄምስ ሚድ ነው፤ ኋላ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም የባሕር አጥቢዎች ኃላፊ የሆነው። ሚድ ያነሣው ሙሉ አፅም አልነበረም። የፊት ሹሉ ክፍል፣ ምንቃር መሳዩ አጥንት ብቻ ነበር። በ1975 ስለዚሁ አጥንት ጽሑፍ አወጣ፤ እንስሳው ምንቃራም ከሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ወገን መሆኑን ለየ። ከዚያ በኋላ አጥንቱ ጠፋ።

ጠፋ ስል ተሰረቀ ማለቴ አይደለም። መዝገብ ቤት ሄዶ ፋይሉን ያጣ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ አለ ይባላል፣ መደርደሪያው ላይ የለም። ሉዊስ ጃኮብስ የሚባል የቅሪተ አካል ተመራማሪ ኬንያ ይሠራ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ ሲፈልገው ኖሮ በ2011 አሜሪካ፣ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አገኘው። በ2015 ጃኮብስ፣ ጀርመናዊው ሄንሪ ቪኩራና ባልደረቦቻቸው ስለ አጥንቱ ጥናት አሳተሙ። የሚገርመው ጥናቱ ከዓሣ ነባሪው ይልቅ ስለ ምድሪቱ የሚያወራ መሆኑ ነው። ለዚህ ነው ጉዳዩን ለተማሪዎቼ የመረጥኩት።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ እንቅፋት ነበረብን፤ እሱም ስሙ ነው። «ዓሣ ነባሪ» ስንል «ዓሣ» ከፊት ስለሚቀድም ግማሹ ተማሪ እንስሳውን ከቆሮሶና ከአምባዛ ጋር መድቦት ያድራል። ዓሣ ነባሪ በሳንባ ይተነፍሳል፣ ደሙ ሞቃት ነው፣ ወልዶ ያጠባል። ይህን ስናገር ከኋላ አንዲት ልጅ «ወተት ካለው በጾም አይበላማ!» አለች። ስለ ዓሣ በጾም መበላት ራሱ ስንት ክርክር ባለበት አገር ይህን የመሰለ ትክክለኛ የሥርዓተ ምደባ መልስ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ታዲያ ዘመዱ ማነው? እዚህ ላይ የጎርጎራዋ ተማሪ ጠቀመችን። ጣና ዳር ያደገች ናት፤ አባቷ በታንኳ ዓሣ ያጠምዳሉ። ጉማሬ ሲወጣ ምን እንደሚመስል እንድትነግረን ጠየቅኋት። «መጀመሪያ አፍንጫው ነው የሚታየው» አለች። «ሁለት ቀዳዳ። ፍፍፍ ይልና ውሃ ይረጫል። ከዚያ ጆሮው ይርገፈገፋል። አባዬ ያንን ድምፅ ሲሰማ መቅዘፉን ትቶ ዝም ይላል።» አፍንጫው ሲዘፈቅ ይዘጋል፣ ቆዳው ጠጉር የለውም ለማለት ይቻላል፣ ግልገሉ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይጠባል። በሕይወት ካሉ እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪና ለዶልፊን የቅርብ ዘመዱ ይኸው ጉማሬ ነው። የዘር ቅንጣት ጥናቱ ይህን ደጋግሞ አሳይቷል። ሁለቱ ከአንድ የጋራ ቅድመ አያት የተለያዩት ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ስለዚህ አንዱ ከሌላው ወጣ ማለት አይደለም። የአጎት ልጆች ናቸው። የጉማሬ ወገን ብዙ ቆይቶ ነው አፍሪካ ውስጥ የሚታየው፤ በዚያው በ2015 ከዚያው ከቱርካና ተፋሰስ የ28 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የጉማሬ ዘመድ ቅሪት ይፋ ሆኗል።

ዲያቆኑ አልረካም። «መምሰል ዝምድና አይሆንም፤ የሌሊት ወፍም ወፍ ትመስላለች» አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀን ከቤት አንድ አጥንት ይዤ መጣሁ።

የበግ ቁርጭምጭሚት ነው። ፋሲካ ላይ ከታረደው በግ የተረፈ፤ ባለቤቴ ምን ሊያደርግልህ ነው ብላ ስቃብኛለች። ቀቅዬ፣ በቢላ ፍቄ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄዋለሁ። ከጣት አንጓ ብዙም የማይበልጥ ትንሽ አጥንት ነው። ዞር ዞር አድርጋችሁ ስታዩት ከላይ እንደ ጉድጓድ መዘውር፣ ገመድ የሚያርፍበት የመሰለ ቦይ አለው። ገልብጡት፤ ከታችም ሌላ መዘውር አለው። የፈረስ ቁርጭምጭሚት ከላይ ብቻ ነው መዘውሩ፤ የውሻም የሰውም እንዲሁ። ሁለት መዘውር ያለው እግረ ጥንድ ሰኮናው ብቻ ነው፦ በግ፣ ፍየል፣ ላም፣ ግመል፣ አሳማ፣ ጉማሬ። ተማሪዎቹ እየተቀባበሉ በአውራ ጣታቸው ቦዩን ዳሰሱት። አንዱ እንደ ማጠፊያ እያንቀሳቀሰ «ለዚህ ነው በግ እንደዚያ የሚዘለው» አለ።

አሁን ዓሣ ነባሪ ቁርጭምጭሚት የለውም፤ የኋላ እግሩ ከጠፋ ስንት ዘመኑ ነው። ድሮ ግን ነበረው። በ1981 ፓኪስታን ውስጥ የተሰየመው ፓኪሴተስ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው፣ አራት እግር ያለው፣ ቁመቱ ከውሻ ብዙም የማይርቅ እንስሳ ነው። የጆሮው አጥንት ግን የዓሣ ነባሪ ነው። ምሁራኑ ለረጅም ጊዜ ዓሣ ነባሪዎች ሜሶኒኪድ ከሚባሉ ሥጋ በል አውሬዎች የወጡ ይመስላቸው ነበር፤ የጥርሳቸው መመሳሰል ነው ያሳሳታቸው። በ2001 ፊሊፕ ጊንገሪችና ሃንስ ቴዊሰን የመሯቸው ሁለት ቡድኖች፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ፣ የጥንት ዓሣ ነባሪዎችን ቁርጭምጭሚት ይዘው ብቅ አሉ። ባለ ሁለት መዘውር ነበር። የበጋችን ዓይነት።

ዲያቆኑ አጥንቱን ለብቻው ወስዶ ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ምንም አላለም።

ወደ ሎፔሮት እንመለስ። ጥያቄው «ማን አወጣው?» ነበር። ሦስት መልስ ይቻላል ብለን ሰሌዳ ላይ ጻፍን፦ ባሕሩ ራሱ እዚያ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ታላቅ ጎርፍ ወስዶ ጣለው፤ ወይም ዓሣ ነባሪው በራሱ ዋኝቶ መጣ።

ባሕር የነበረበት ቦታ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ግብፅን ተመለከትን። ከካይሮ በስተ ደቡብ ምዕራብ በረሃው መካከል ዋዲ አል ሂታን አለ፤ የዓሣ ነባሪዎች ሸለቆ ማለት ነው፤ ዩኔስኮ በ2005 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከ40 እስከ 37 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ባሕር ነበር። ቦታው ላይ የዓሣ ነባሪ አፅም አንድ ሁለት ተብሎ አይቆጠርም፤ በመቶዎች ነው። አንዳንዱ ከአንገት እስከ ጅራት ተዘርግቶ ተኝቷል፤ ባሲሎሳውረስ የሚባለው ላይ ከሰውነቱ ግዝፈት ጋር የማይመጣጠኑ ደቃቃ የኋላ እግሮች ተገኝተውበታል። ዙሪያውን የሻርክ ጥርስ አለ፣ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት አለ። ባሕር ሲሄድ ቤት እንደሚለቅ ሰው ነው፤ ዕቃውን ሁሉ ጠራርጎ አይወስድም።

ሎፔሮት ላይ ይህ የለም። አጥንቱ የተኛበት ደለል የወንዝ ደለል ነው፤ አብረውት የተገኙት የየብስና የወንዝ ዳር እንስሳት ናቸው። ከባሕር የመጣ አንድ እንግዳ ብቻ አለ። ባሕሩ እዚያ ቢደርስ ኖሮ ብቻውን አይመጣም ነበር። ጎርፉንም በዚሁ መንገድ መዘንነው፤ ውቅያኖስን አንሥቶ 740 ኪሎ ሜትር የሚወስድ ውሃ ዓሣ ነባሪ አምጥቶ የባሕር ቀንድ አውጣ ሊተው አይችልም። ይህን ስል ስለ ጥፋት ውሃ መፍረዴ አልነበረም፤ ለዲያቆኑም እንዲህ ነው ያልኩት፦ «ኦሪትን ከእኔ የተሻለ ታውቃለህ፤ እኔ የምልህ ይህ አጥንት ለዚያ ምስክር ሆኖ አይቆምም ነው።»

የቀረው ሦስተኛው ነው። ዓሣ ነባሪ መንገድ ስቶ ወንዝ ይገባል ወይ? ይገባል። በጥር 2006 ለንደን ከተማ መሐል ቴምዝ ወንዝ ውስጥ አንድ ዓሣ ነባሪ ታይቶ ሕዝቡ ድልድይ ላይ ተደርድሮ ሲያየው ነበር። ሊያተርፉት በጀልባ ጭነው ወደ ባሕር ሲወስዱት በማግሥቱ ሞተ። እሱም ከዚያው ከምንቃራሞቹ ቤተሰብ ነበር። እንዲህ ያሉ የዘመናችን አጋጣሚዎች ለጥናቱ ሚዛን ሆነው አገልግለዋል፤ ዓሣ ነባሪ ጥልቅና ሰፊ፣ ፏፏቴ የሌለበት፣ እጅግ ዘንበል ያላለ ወንዝ ይፈልጋል። አጥኚዎቹ ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ ውስጥ ከ600 እስከ 900 ኪሎ ሜትር የሚሄድ እንዲህ ያለ ወንዝ ቢኖር መጨረሻው ከባሕር ወለል ስንት ከፍ ይላል ብለው አሰሉ። ከ24 እስከ 37 ሜትር ብቻ ሆነ።

ይህን ቁጥር ተማሪ ዝም ብሎ ይሰማውና ያልፋል፤ ስለዚህ ወደ ጎንደር አመጣነው። ሒሳቡ በኪሎ ሜትር 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁለት ጣት ገደማ። ከፒያሳ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን፣ በዚያ ወንዝ ሚዛን ቁልቁለቱ አንድ ክንድ ብቻ ይሆን ነበር። የእኛ ባጃጅ ነጂዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍተው የሚወርዱትን መንገድ የሚያውቅ ልጅ አንድ ክንድ ሲባል ዓይኑ ይፈጣል። «ውሃውስ ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ። ይሄዳል፤ ቀስ ብሎ። ዓሣ ነባሪውም ከፈሰሱ ጋር እየታገለ ሳይሆን በተኛ ውሃ ላይ ነው የመጣው። ርዝመቱ 7 ሜትር ገደማ እንደነበር ተገምቷል። ፋሲል መዋኛ ይበቃው ነበር ወይ ብለው ተከራከሩ፤ ጥምቀት ላይ ቀሃ ወንዝ ሲሞላው ለአንድ ቀን ይበቃዋል ብለን ተስማማን።

እንግዲህ ያኔ 30 ሜትር ገደማ ላይ የነበረ ቦታ ዛሬ 620 ሜትር ላይ ነው። 620 ሜትር ለእኛ ቆላ ነው፤ ከመተማ ብዙም አይለይም። ቁም ነገሩ ልዩነቱ ላይ ነው፦ 590 ሜትር ያህል። ዓሣ ነባሪው የዋኘው ከ17 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ስለዚህ መሬቱ የተነሣው ከዚያ በኋላ መሆን አለበት። ሌላ ምልክትም አለ። ኬንያ ውስጥ ያታ የሚባል፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ አለ፤ 13.5 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው። ቪኩራ ቀደም ብሎ እንዳሳየው፣ ያ ፍሳሽ ሲወርድ ከፍታው አስቀድሞ ተነሥቶ ነበር። በሁለቱ መካከል፣ ከ17 እስከ 13.5 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ከፍታ መነሣት ጀመረ ማለት ነው። ከሥር የሚገፋው ከምድር ቅርፊት በታች ያለ ትኩስ አለት ነው። መሬቱ ሲነሣ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣውን እርጥብ አየር ጋረደ፤ ጫካው ሳሳ፣ ሣሩ ሰፋ። የሰው ልጅ ጥንታዊ ታሪክ የሚጻፍበት መድረክ የተዘረጋው በዚህ ዓይነት ለውጥ ነው።

ለእኔ የጉዳዩ ውበት እዚህ ላይ ነው። የመሬትን የጥንት ከፍታ መለካት ለሥነ ምድር ባለሙያዎች ከባድ ፈተና ነው፤ ድንጋይ ዕድሜውን ይናገራል እንጂ «ያኔ ከባሕር ወለል ይህን ያህል ከፍ ብዬ ነበር» አይልም። መንገድ የሳተ አንድ እንስሳ ግን ያለ ዕውቀቱ የውሃ ልክ ሆኖ ቀረ።

ድክመቱንም አልደበቅሁባቸውም። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በአንድ አጥንት ላይ ነው። የወንዙ ቁልቁለት የተገመተው ከዛሬ ወንዞች ነው፤ ወንዙ ራሱ የለም። ደግሞም የቱርካና ተፋሰስ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ፣ ዙሪያው ካለው ደጋ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ 590 ሜትሩ የደጋውን ሙሉ ቁመት አይነግረንም፤ ቢያንስ ይህን ያህል ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የፈራሁት ደግሞ ይህንን ታሪክ ቀጥታ ወደ እኛ ተራሮች ማምጣትን ነው። አንዱ «ስለዚህ ስሜንም በዚያ ጊዜ ነው የወጣው» ብሎ ደመደመ። አይደለም። የእኛ ደጋ መሠረቱ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ፣ ተደራርቦ የተቆለለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ማስረጃውም ሩቅ አይደለም። በመተማ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ አይከል አለ፤ ጭልጋ። እዚያ ከዚያው ድንጋይ በላይ ካለው ደለል የ27 ሚሊዮን ዓመት ቅሪቶች ወጥተዋል። የጆን ካፕልማን ቡድን በ2003 ይፋ እንዳደረገው የጥንት የዝሆን ዘመዶች ነበሩባት፤ አንዱ ስሙን ከቦታው ወስዶ ቺልጋቴሪየም ተብሏል። አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንድ የነበረው አርሲኖይቴሪየምም ነበረባት። ቦኒ ጃኮብስ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ ደግሞ የጭልጋን የቅጠል ቅሪት አጥንተዋል፤ የዘንባባ ወገን ዛፎች ሁሉ ተገኝተዋል። ተማሪዎቼ ቱርካናን ጎግል ላይ ሲፈልጉ ጭልጋን አያውቁም ነበር። የአይከል ልጅ የሆነ አንድ ተማሪ እንኳ የሰማው ስለ ከሰሉ ብቻ ነው።

የምንቃራሞቹ ዘሮች ዛሬም አሉ፤ ስለ እነሱ የምናውቀው ግን ትንሽ ነው፤ ኑሯቸው ጥልቁ ውስጥ ስለሆነ። ከእነሱ አንዱ፣ የኩቪዬ ዓሣ ነባሪ የሚባለው፣ 2992 ሜትር ድረስ መጥለቁ በ2014 ተመዝግቧል። ጎንደር ከባሕር ወለል ወደ 2100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ እሱ ያንን ገልብጦ አልፎ ይወርዳል። በ2020 በወጣ ጥናት ደግሞ አንዱ ሳይተነፍስ 222 ደቂቃ ቆይቷል፤ አምስት ክፍለ ጊዜ ያህል ማለት ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ የሚጎዳው በድምፅ ነው። የጦር መርከቦች ሰርጓጅ ለመፈለግ ውሃ ውስጥ የሚለቁት የሶናር ድምፅ ያስደነግጠዋል። በ2002 በካናሪ ደሴቶች አጠገብ የጦር ልምምድ ሲደረግ 14 ምንቃራሞች ባሕር ዳርቻ ላይ ወጥተው ተገኙ፤ የሞቱት ሲመረመሩ በአካላቸው ውስጥ የጋዝ አረፋ ነበር፤ ከጥልቅ በፍጥነት የወጣ ጠላቂ ሰው ላይ የሚታየው ዓይነት። ስፔን በ2004 በደሴቶቹ ዙሪያ የጦር ሶናርን ከለከለች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት እዚያ የጅምላ ሞት አልታየም። ስለ እንስሳት ጥበቃ ሳስተምር መፍትሔ ሁልጊዜ ውስብስብ ይመስላቸዋል፤ ይህ ግን አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነበር።

በመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሦስት ነጥብ ያለው ጥያቄ አወጣሁ፦ «የቱርካናው ዓሣ ነባሪ 620 ሜትር ላይ እንዴት ሊገኝ ቻለ?» ብዙው ገጽ ሙሉ ጽፏል። የዲያቆኑ መልስ አንድ መስመር ነበረች፦ «ዓሣው በወንዝ ዋኝቶ ሜዳ ላይ ሞተ፤ መሬቱ ኋላ ተሸክሞት ወጣ።» «ዓሣው» የምትለዋን በቀይ አሠመርኩና ግማሽ ነጥብ ቀነስኩ።

ወረቀቱን ሲቀበል ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። «ቲቸር፣ ግዕዙ እኮ ዓሣ አይለውም። ‹ከርሠ ዐንበሪ› ነው የሚለው፤ ዐንበሪ ብቻ።»

«ታዲያ ለምን ዓሣው ብለህ ጻፍክ?»

«የእርስዎ ጥያቄ ላይ ዓሣ ነባሪ ስለሚል።»

ግማሿን መለስኩለት።